ከእንጦጦ ግርጌ የተሠራችው ትንሽ ኢንተርኔት

በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ከመገናኛ እስከ ሾላ ገበያ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የነበሩ የሙዚቃና የሞባይል ቤቶች አንድ የታወቀ አገልግሎት ነበራቸው። ደንበኛው ፍላሹን ወይም የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ይሰጣል፤ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አዲስ የወጣ ክሊፕ፣ ተከታታይ ድራማ፣ የሳምንቱን ጎሎች ወይም የስልክ አፕሊኬሽን ይጭንለታል። ዋጋው እንደ ፋይሉ ብዛት ነው። ፋይሉን ከኢንተርኔት ያወረደው የሱቁ ባለቤት ብቻ ነው፤ እሱም መስመሩ ቀለል በሚልበት ሌሊት አንዴ አውርዶታል። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳው ከእሱ ሃርድ ዲስክ ነው።

የዓለም ትልልቅ ድረ ገጾች የሚሠሩበት መንገድ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ፋይሉ ከዋናው ሰርቨር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ቅጂው ለተጠቃሚው ቅርብ በሆነ ሌላ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የሚጠይቅ ሁሉ ከቅርቡ ይወስዳል። ባለሙያዎች ሲዲኤን የሚሉት የይዘት ማከፋፈያ መረብ ይኸው ነው። የሱቁ ልጅ በጭንቅላቱ የሚይዘውን ነገር መረቡ በራሱ ያሰላዋል፦ የትኛው ቅጂ አርጅቷል፣ የትኛው ሰርቨር ሞልቷል፣ ጠያቂው የመጣው ከወዴት ነው።

በዚያው ዘመን የካ ሚካኤል አካባቢ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ይህንን መረብ በትንሹ ሠርተው ሊፈትኑት ተነሡ። ሰርቨር የመግዣ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። አንደኛው በኔትዎርክ ባለሙያነት ተቀጥሮ ይሠራል፤ ክፍሏም የእሱ ናት። ሁለተኛዋ አምስት ኪሎ የማስተርስ ተማሪ ነበረች። ሦስተኛው በዕድሜ ይበልጣቸዋል፤ ለዓመታት ኢንተርኔት ካፌ ሲያሠራ የኖረና ሁለቱም “ጋሼ” የሚሉት ሰው ነው። ዛሬ የየራሳቸው ሥራ ላይ ቢሆኑም፣ ሲገናኙ ጨዋታው ወደዚያች ክፍል መመለሱ አይቀርም።

ነገሩን የቆሰቆሰው የተማሪዋ ጥያቄ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሚታተም ጋዜጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚነበብ ጋዜጣ፣ ድረ ገጹ ለምን አውሮፓ ወይም አሜሪካ ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። እዚያ ርካሽ ነው፤ መብራት አይጠፋም፤ ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾችም ሲጀመሩ አንባቢዎቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የካ የተቀመጠ አንባቢ ግን ዜናውን ሲከፍት ጥያቄው ድንበር ተሻግሮ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ወደ ባሕር ጠለቅ ኬብል ይገባል፤ ባሕር አቋርጦ ይደርሳል፤ መልሱም በመጣበት ይመለሳል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ያንን ጉዞ በቁጥር ሊያዩት ፈለጉ።

ቁጥሩን መገመት አይከብድም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ርቀት አለ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በየመንገዱም ራውተር አለ፤ ስለዚህ እነሱ ለሙከራቸው 150 ሚሊሰከንድ ብለው ያዙ። ይህ ለብቻው ሲታይ ምንም አይመስልም። ችግሩ ገጹ በአንድ ደርሶ መልስ አለመከፈቱ ነው። ግንኙነቱን ለመጀመር አንድ፣ በጊዜው በነበረው የምስጢር ቁልፍ አሠራር ሁለት፣ ገጹን ለመጠየቅ ደግሞ አንድ ያስፈልጋል። አራቱ ሲደመሩ የመጀመሪያዋ ፊደል ከመድረሷ በፊት 600 ሚሊሰከንድ አልፏል። ሰርቨሩ በ5 ሚሊሰከንድ ርቀት ላይ ቢሆን ያው ሥራ በ20 ሚሊሰከንድ ያልቃል። የቱንም ያህል ሰፊ መስመር ቢገዛ ይህንን ልዩነት አያጠፋውም፤ ርቀትን የሚያሸንፈው መቅረብ ብቻ ነው።

ጋሼ ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አልነበረም። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ ሲቀርብ እሱ ወጣት ነበር። ከዚያም በፊት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ በስልክ መስመር ወደ ለንደን ይልክ እንደነበር፣ ዶክተር ዳዊት በቀለን የመሳሰሉ ምሁራንም ኢንተርኔት ወደ አገር እንዲገባ ማኅበር አቋቁመው ይወተውቱ እንደነበር ያስታውሳል። በካፌው ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ ቀጭን መስመር ስለሚጠቀሙ ስኩዊድ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጭኖ ነበር። አንዱ ደንበኛ የከፈተው ገጽ ለሌላው ከካፌው ዲስክ ይቀርባል። ስኩዊድ እ.ኤ.አ. በ1996 ሃርቨስት ከተባለ የምርምር ፕሮጀክት የወጣ ሲሆን፣ መስመር ውድ በሆነበት አገር ሁሉ የካፌና የዩኒቨርሲቲ ባለውለታ ነው።

ካሽ ማለት ያ ነው። ሲዲኤን ደግሞ ካሹን ከካፌው አውጥቶ የድረ ገጹ ባለቤት በሚያዘው ቦታ ሁሉ ያስቀምጠዋል።

ሥራው የተጀመረው ፋይል በማሰባሰብ ነው። ተማሪዋ የኡቡንቱ ሰርቨር 16.04 መጫኛና የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች ከዩኒቨርሲቲ በሃርድ ዲስክ ይዛ መጣች። ኮምፒውተሩ 8 ጊጋባይት ራም አለው። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ሶፍትዌር አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ኮምፒውተር አድርጎ ይከፋፍለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢኖቴክ የተባለ የጀርመን ድርጅት በነጻ ያወጣው፣ ቀጥሎ ወደ ሰን፣ ከዚያም ወደ ኦራክል የገባ ነው። አንድ ቨርቹዋል ማሽን በደንብ ተጭኖ ከተስተካከለ በኋላ የቀሩት ከእሱ ተቀዱ። ሰርቨሮቹ መስኮትና ሥዕል ስለማያስፈልጋቸው ለእያንዳንዳቸው 512 ሜጋባይት ራም በቂ ነበር። ሰባት ማሽን አብረው ሲነሡ እንኳ የሚይዙት ከግማሽ በታች ራም ነው።

ለማሽኖቹ ስም የሰጠው ባለሙያው ነው። ዋናው ሰርቨር “ፍራንክፈርት” ተባለ። ቅጂ የሚይዙት ሦስቱ “ሾላ”፣ “ኮተቤ” እና “ቀበና” ሆኑ። ስምን ወደ አድራሻ የሚመልሰው የዲኤንኤስ ሰርቨር “መዝገብ” ተባለ፤ ተጠቃሚውን የሚወክለው ማሽን ደግሞ “የካ”። ሰባተኛው ራውተር ነው፤ ስሙ “ጅቡቲ”። ከሁሉም ወሳኙ እሱ ነበር። በሊነክስ ውስጥ ኔትኤም የሚባል መሣሪያ አለ፤ በሱ በኩል የሚያልፈውን ፓኬት ሁሉ በተፈለገው ልክ ያዘገያል፣ ከመቶ አንዱን ይጥላል፣ የመስመሩን ስፋት ያጠብባል። ጅቡቲ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 75 ሚሊሰከንድ እንዲያዘገይና ስፋቱ 2 ሜጋቢት እንዲሆን ተደረገ። ወደ ሾላና ወደ ኮተቤ የሚወስደው መስመር 5 ሚሊሰከንድ ደርሶ መልስና 20 ሜጋቢት ተሰጠው። እንዲህ ሆኖ የዓለም ካርታ ጠረጴዛ ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ገባ።

ዋናው ሰርቨር ላይ ኢንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ማቅረቢያ ሶፍትዌር ተጫነ። ቅጂ በሚይዙት የዳርቻ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ሁለት ሶፍትዌሮችን ለማወዳደር ሲሉ ሾላ ላይ ቫርኒሽን፣ ኮተቤና ቀበና ላይ ኢንጂንኤክስን ጫኑ። ቫርኒሽ እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራው ቬርደንስ ጋንግ ለተባለ የኖርዌይ ጋዜጣ ድረ ገጽ ነው፤ ጸሐፊው ዴንማርካዊው ፖል-ሄኒንግ ካምፕ ነበር። ለጋዜጣ የተሠራ መሣሪያ መሆኑ ተማሪዋን በጣም ደስ አሰኛት። የሙከራ ይዘታቸውም ጋዜጣ የሚመስል ድረ ገጽ ነበረ፦ የፊት ገጽ፣ በርካታ ዜናዎች፣ ፎቶግራፎች፣ አንድ የአማርኛ ፎንት።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ከየካ አንድ ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ ተጠየቀ። ሾላ ቅጂ ስለሌላት ወደ ፍራንክፈርት ላከች፤ 8 ሜጋቢት በ2 ሜጋቢት መስመር ሲያልፍ ከ4 ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፤ አልሆነምም። በመልሱ አናት ላይ “ሚስ” የሚል ምልክት ነበረ፤ አልተገኘም ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው መጣ፤ ምልክቱም “ሂት” ሆኖ ተለወጠ። ጋሼ በካፌው ዘመን ደንበኛ ሲያማርር የኖረበትን የሰከንዶች ጥበቃ አንዲት ቃል ላይ ተለውጦ ሲያይ፣ ፎቶግራፉን ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር።

አከራይዋ እማማ በምሽት እየገቡ ቡና ያመጡላቸው ነበር። አንድ ቀን ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ባለሙያው ወደ ግቢው ሮቶ ጠቆመ። “እማማ፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶውን እንሞላለን አይደል? ከዚያ ሰው ሁሉ ከሮቶው ይቀዳል፤ ቧንቧውን አይጠብቅም። እኛም ለወሬው ሮቶ እየሠራን ነው” አላቸው። እማማ ትንሽ አስበው፣ “ሮቶው ሳይታጠብ ቢከርምስ ልጄ? የቆየ ውኃ ልታጠጡን ነው?” አሉት።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማንም አላነሣም። የሲዲኤን አስቸጋሪው ሥራ ቅጂ መያዝ አይደለም፤ ቅጂው ያረጀበትን ጊዜ ማወቅ ነው። ዋናው ሰርቨር ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር “ይህንን ለዚህን ያህል ሰከንድ ልትይዘው ትችላለህ” የሚል ትእዛዝ ይልካል። የጋዜጣ የፊት ገጽ በየደቂቃው ሊለወጥ ስለሚችል 60 ሰከንድ ሰጡት። ፎቶግራፍ ከወጣ በኋላ ስለማይለወጥ 30 ቀን ተሰጠው። ፎንቱ ደግሞ አንድ ዓመት። ስህተት ያለበት ዜና ታርሞ ሲወጣ ግን 60 ሰከንድም ሊረዝም ይችላል፤ ለዚያ በዳርቻዎቹ ሰርቨሮች ላይ ያለውን ቅጂ በአንድ ትእዛዝ የሚሰርዝ መንገድ አበጁ። የጋዜጣ ሰው ሊማረው የሚገባ ትልቅ ነገር ነው፦ ማረሚያው የወጣው ዋናው ሰርቨር ላይ ሲወጣ ሳይሆን የመጨረሻው አሮጌ ቅጂ ሲጠፋ ነው።

አማርኛ የራሱን ትምህርት ይዞ መጣ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቦታ አግኝቷል፤ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ብቻ ነው። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ከተጨመቀ ልዩነቱ በጣም ይጠብባል፤ ብዙ ድረ ገጾች ግን ያንን ማብሪያ ጨርሶ አልነኩትም ነበር። ከዚህ የባሰው አድራሻው ላይ ነው። በአማርኛ የተጻፈ የድረ ገጽ አድራሻ በመስመር ላይ ሲጓዝ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ወደሚጀምሩ ቁጥሮችና የላቲን ፊደላት ይለወጣል፤ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። “የካ” የሚለው ሁለት ፊደል 18 ምልክት ነው። እነዚህ የላቲን ፊደላት በትልቁም በትንሹም ሊጻፉ ይችላሉ፤ በደንቡ መሠረት ሁለቱም ያው ናቸው። ለካሹ ግን የተለያዩ ናቸው፤ አድራሻውን እንደመጣ ቃል በቃል ስለሚያነበው አንዱን ዜና ሁለት ጊዜ ያስቀምጠዋል፣ ሁለት ጊዜም ከፍራንክፈርት ይጠይቃል። ተማሪዋ ይህንን ያገኘችው “ሂት” መሆን የነበረባቸው የአማርኛ አድራሻዎች “ሚስ” እያሉ ሲያስቸግሯት ነው። ዳርቻዎቹ ሰርቨሮች አድራሻውን ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ ከመለሱት በኋላ ችግሩ ጠፋ። በእንግሊዝኛ አድራሻ የሚሠራ መሐንዲስ በዕድሜ ልኩ ላይገጥመው የሚችል ነገር ነው። የራሳችንን ይዘት የምንፈትነው ራሳችን ካልሆንን ማንም አይፈትንልንም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ፋይሎቹን በሦስቱ ሰርቨሮች መካከል ማከፋፈል ነበር። ሁሉም ሁሉንም ከያዙ ዲስክ ይባክናል። የሚቀለው መንገድ የፋይሉን ስም ወደ ቁጥር ለውጦ በሰርቨሮቹ ብዛት ማካፈልና በቀሪው መምረጥ ነው። አራተኛ ሰርቨር ሲጨመር ግን ከአራት ፋይሎች ሦስቱ ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ ካሹ እንዳልነበረ ይሆናል ማለት ነው። በኤምአይቲ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት የሒሳብ ዘዴ ይህንን ፈታ፤ በእሱ የሚንቀሳቀሰው ከአራት አንዱ ብቻ ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ፕሮፌሰር ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳንኤል ሌዊን ይገኙበታል። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1998 አካማይ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ሌዊን በ31 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001፣ ከቦስተን በተነሣውና በተጠለፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። እነሆ የእሱ ሒሳብ ዛሬ በየሰከንዱ ይሠራል፤ የካ ሚካኤል ውስጥም፣ አራተኛ የዳርቻ ሰርቨር በጨመሩ ዕለት፣ ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ እንዳለው ወጣ።

ከዚያ የ12ኛ ክፍል ውጤት ጉዳይ ተነሣ። ውጤት በሚለቀቅበት ቀን መላው አገር አንድ ገጽ ላይ ይረባረባል፤ በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን ውጤት ብቻ ብንወስድ የተፈታኙ ቁጥር ወደ 900 ሺህ ይጠጋል፤ ወላጅና ታናሽ ወንድም ሲጨመር ስንት እንደሚሆን መገመት ነው። ጓደኛሞቹ በ2009 ያሰቡት ነገር ለዚያ ዓይነት ቀን ነበር። ብዙ ሰው በአንዴ አንድ ፋይል ሲጠይቅ ጥያቄው ሁሉ ወደ ዋናው ሰርቨር እንዳይጎርፍ፣ የመጀመሪያው ብቻ እንዲያልፍና የቀሩት እንዲጠብቁት የሚያደርግ ቅንብር አለ። ያንን አበሩት፤ ፍራንክፈርት ላይ የሚደርሰው ጥያቄ ወደ አንድ ወረደ። ነገር ግን የገጹ ቅርፅ፣ ዓርማውና ፎንቱ የሁሉ ሲሆኑ፣ ውጤቱ የአንድ ተማሪ ብቻ ነው። እሱ በጋራ ካሽ ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 የገና ዕለት ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር የካሽ ቅንብሩ ተሳስቶ ወደ 34 ሺህ የሚሆኑ ደንበኞችን መረጃ ለማያውቋቸው ሰዎች አሳይቷል። ሦስቱ በዚህ ጉዳይ የተስማሙበት ደንብ ጥብቅ ነበር፤ የግል የሆነው ሁሉ “የግል” ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፣ ዳርቻው ሰርቨርም አይነካውም። የጋራው ብቻ ወደ ቅርብ ቢመጣ እንኳ ዋናው ሰርቨር ከሚሸከመው ሸክም አብዛኛው ይወርድለታል።

የክፍሏ ትልቁ ግኝት ግን የመጣው ጅቡቲን ባጠፉ ጊዜ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ሦስቱም በዚያ ወቅት ከውጭ ዓለም ጋር የሚያገናኘው መስመር ቢበጠስ አገር ውስጥ ምን ይሠራል የሚለውን ማብሰልሰል ያዙ። አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት፦ የተጠቃሚው የራሱ መስመር ከተዘጋ የትኛውም ሲዲኤን አይረዳም። ድንበር የሚያሻግረው ፋይበር በቁፋሮ ወይም በሌላ ምክንያት ሲቆረጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ የሚባለውን ማሽን አጠፉት። ፍራንክፈርት ከዓለም ተለየ። ኢንጂንኤክስም ቫርኒሽም ዋናው ሰርቨር ሲጠፋ ጊዜው ያለፈበትን ቅጂ እንዲያቀርቡ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ታዘዋልም። የካ ላይ ያለው ተጠቃሚ ጋዜጣውን ማንበብ ቀጠለ። ክፍሏ ውስጥ ጭብጨባ ሆነ።

ጭብጨባው አምስት ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ገጹ መከፈት አቆመ። ሾላ በሕይወት አለች፣ ዜናው በዲስኳ ላይ አለ፣ መስመሩም ሰላም ነው። ያለቀው የስሙ ዕድሜ ነበር። መዝገብ የተባለውን የዲኤንኤስ ሰርቨር እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ድረ ገጾች ሆን ብለው ከባሕር ማዶ፣ ከፍራንክፈርት ጎን አስቀምጠውት ነበር። የካ የያዘው አድራሻ ለ300 ሰከንድ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ፣ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ለመጠየቅ ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ መልስ የለም። ዜናው ከደጁ ሆኖ የደጁን ቁጥር የሚነግረው አጣ። ሁለተኛ መዝገብ ሠርተው አገር ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ፈተናው ሲደገም ጋዜጣው ሳይቋረጥ ተነበበ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም ወጣ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር የሚያስተካክሉ ልጆች ሁሉ የደንበኛውን ዲኤንኤስ ወደ ጎግል፣ አራት ስምንት ወደምናነበው አድራሻ፣ መለወጥ ይወዱ ነበር፤ ይፈጥናል ይባላል። ሲዲኤን ግን ተጠቃሚው የት እንዳለ የሚያውቀው በአብዛኛው ጥያቄውን ባመጣው የዲኤንኤስ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ ተጠቃሚውም ውጭ አገር ያለ ይመስለዋል። በሙከራው የካ የውጭ ዲኤንኤስ ሲጠቀም አጠገቡ ያለችውን ሾላን ትቶ ወደ ፍራንክፈርት ተላከ። የተጠቃሚውን አድራሻ ከፊሉን አብሮ የሚልክ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፤ የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገን ሲቀበሉት ብቻ ነው።

መብራት ሲሄድ ማሽኖቹ ሁሉ አብረው ይሞታሉ። ለዚህ መድኃኒቱ እያንዳንዱን እርምጃ በፋይል መጻፍ ነበር፤ ማሽኑን የሚያስነሣው፣ ሶፍትዌሩን የሚጭነው፣ ቅንብሩን የሚያስገባው ሁሉ በአንድ ትእዛዝ እንዲሠራ ተደረገ። መብራት ሲመለስ ከተማው ሁሉ ከዜሮ ይታነጻል፤ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ መንገዱ በሕዝብ ተጥለቅልቆ፣ ስልክ ሁሉ በእጅ ተነሥቶ ሲቀርጽ፣ ጋሼ ከክፍሏ ደጅ ቆሞ “ይህ ሁሉ ቪዲዮ ዛሬ ማታ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመለሰው” ይል ነበር። ከየካ ተቀርጾ የካ ላይ የሚታይ ምስል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ከክፍሏ በላይ፣ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ ከመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት ምስል የሚቀበል ጣቢያ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ ጀምሮ የቴሌኮም ገበያው ሁለተኛ ተወዳዳሪ አገኘ። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ የመረጃ ማዕከል ገንብተዋል፤ ሰርቨር ለማስቀመጥ ፍራንክፈርት መሄድ ግዴታ አይደለም። ክላውድፍሌር ሰርቨሮቹን ካኖረባቸው የዓለም ከተሞች ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ ገብታለች፤ የእሱን አገልግሎት የሚጠቀም ድረ ገጽ ቅጂው እዚሁ ሊቀመጥለት ይችላል። የምስጢር ቁልፉ አሠራርም እ.ኤ.አ. በ2018 ተሻሽሎ ከሁለቱ ደርሶ መልስ አንዱ ቀርቷል። ፍላሽ የሚጭኑት ሱቆች ቁጥራቸው ቀንሷል።

ዴስክቶፑ አርጅቶ ተጣለ። ቅንብሩ የተጻፈባቸው ፋይሎች ግን ተማሪዋ ጋ አሉ፤ እሷም አሁን አስተማሪ ናት።

የዚች ክፍል ትዝታ ለዛሬ የሚለው ነገር ለሦስት ወገን ነው። የአማርኛ ድረ ገጽ ያላችሁ፣ ጋዜጣም ሆናችሁ መሥሪያ ቤት፣ የይዘታችሁን አንድ ቅጂ አገር ውስጥ አስቀምጡ፤ ከቅጂው በፊት ደግሞ ቢያንስ አንድ የዲኤንኤስ ሰርቨር አገር ውስጥ ይኑራችሁ። የምታስተምሩ፣ ተማሪዎቻችሁ ሲዲኤንን በወረቀት ላይ ብቻ እንዲያውቁት አትተዉ፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ አንድ የኡቡንቱ ፋይልና ኔትኤም ይበቃሉ፤ ጅቡቲን አጥፍተው ምን እንደሚቀር ይዩ። የምትማሩ ደግሞ፣ አድራሻውን በአማርኛ ጻፉና ፈትኑት።